ከማን በላይ

አባቴ ስም ሲያወጣልኝ «በላይነሽ» አለኝ፤
ከማን በላይ እንደሆንሁ ግን፣ ሞተ ሳይነግረኝ።
እኔም ስሜን ይዤ፣ ግማሽ ዐረፍተ ነገር፣
ብርኖ ገባሁ፤ ትራም ልጠግን፣ ብሎን ልቆጥር።

ትናንት ከዴፖው ጀርባ፣ በትንሿ ሲኒማ፣
ወንበሯ እያቃሰተ፣ ማሞቂያዋ እያሰማ
የተራበ ሆድ ድምፅ፣
ሦስት ፊልም በአንድ ቲኬት ጨረስን ሳይነጋ፤
እኔና ዝደንካ፣ ራዴክም ከእኛ ጋ።
ሦስቱም የሴት ታሪክ ነው፤ ሦስቱም ከምድር ርቀው፣
አየር በጣሳ ቋጥረው፣ ከሞት ጋር ተናንቀው።

የፊተኛዋ፣ ክንዷ የዋርካ ግንድ ያህላል፤
ጠመንጃዋ ከቁመቷ ያልፋል፣ እሳት ይተፋል፤
ባለ ስምንት ዐይኑን አውሬ በየጥጉ ስትጥል
ፀጉሯ ንቅንቅ አይል።
አንዲት የላብ ጠብታ ብቻ፣ እሷም በልክ ተለክታ፣
በአንገቷ ወረደች፣ ካሜራው ወደሚወደው ቦታ።

ሁለተኛዋ ብቻዋን፣ በዘር መርከብ ላይ፣
ዐሥራ አንድ ዓመት ቆጠረች የትንፋሿን ሲሳይ፤
ስንዴውን አጠጣች፣ ከስንዴው ጋር አወራች፤
ምድር መልስ ስትነሣት፣ ማጭዷን ሞረደች።

ሦስተኛዋ ጥቁርና ነጭ፣ የድሮ ፊልም ናት።
ሥራዋ ሬድዮ መስማት፤ ስም እንኳ አልሰጧት።
አዛዡ ከላይ ጮኸ፦ «ከተማዋ ትጥፋ! ቁልፉን ተጫኚ!»
የጆሮ ማዳመጫዋን አወለቀች።
ገመዱን ጠቀለለች፣ ቀስ ብላ፣ ዙር በዙር።
«አይሆንም» አለች።
ከዚያ በኋላ በፊልሙ ውስጥ አልታየችም።

ወጣን። በረዶ ነው። ፌርማታው ላይ ቆመን
ሴት ከሴት አፎካከርን፤
እንደ በዓል በግ ዳሰስን፣ መዘንን።

ራዴክ፦ «የፊተኛዋ ናት! ምን ጥያቄ አለው?
ሠላሳ አውሬ ጥላ! ጀግና ማለት ይኼ ነው።»
«በቁጥር ከሆነ፣» አልሁት፣ «እኔ ዛሬ ብቻ
ስድሳ ብሎን አጥብቄያለሁ፤ የታለ ጭብጨባ?»
ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ትንሽ።

እኔ የስንዴዋን መረጥሁ። ትዕግሥቷ ገደለኝ።
ግን አንድ ነገር ከነከነኝ፦
ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጥርሷን አያማትም?
የወር አበባስ የላትም?
ማን ይሆን የጻፋት ብዬ ስሙን ስፈልግ ከመጨረሻው ጽሑፍ፣
መብራት በራ፤ ካፖርት ፍለጋ ስንራኮት፣ ስሙ ሲያልፍ።

ዝደንካ ጓንቷን በጥርሷ ሳበች።
«ገመዱን አያችሁ?» አለች።
«አልወረወረችውም። ጠቀለለችው።
ነገ ሌላ ሰው ይሠራበታል።»

እናቷ ስልከኛ ነበረች፣ ታንክ በገባበት ነሐሴ።
ይህን አንዴ ነግራኛለች፣ ጎማ ላስቲክ ስንቆርጥ፣ በለሆሳስ፤
አልደገመችውም፤ እኔም አልጠየቅሁ።

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ከአርባ። የመጀመሪያው ትራም የእሷ ነው።
ከኋላ ወንበር ተቀመጥሁ፣ ወደ ቤቴ።
ቁልቁለቱ መስተዋት ሆኗል፤ ፍሬን አይጨብጥም፤
ሃምሳ መንገደኛ እንቅልፉን ገና አልጨረሰም።
ከመታጠፊያው ሥር አንድ ሰካራም፣ ሐዲድ መሃል አጎንብሶ፣
ኮፍያውን ያነሣል።

ደወለች። አሸዋ ለቀቀች። ደወለች። ደግሞ አሸዋ።
ብረት ከብረት ተንጫጫ፤ የሰው ከረጢት ተንከባለለ፤
ቆመች፣
አንድ ክንድ ሲቀራት።

ሰውየው ኮፍያውን አራገፈ፤ እጅ ነሥቶ ሄደ።
ዝደንካ መስኮቱን በእጅጌዋ ጠረገች።
ሬድዮው ተንኮሻኮሸ፦ «ሁለት ደቂቃ ዘገየሽ። ምን ሆነሽ ነው?»
ጆሮዬን አቆምሁ።
«በረዶ» አለች፤ ፔዳሉን ረገጠች።

ማታ ዴፖ ስትገባ የአሸዋ ሣጥኗን ከፈትሁ፤
ታቹ ይታያል።
ሁለት ባልዲ ሞላሁ፣ ደንቡ እንደሚል፤
ከዚያ አንድ ሌላ፣ በላዩ።